ርካሹ የእጅ ሬዲዮ፦ በሶፍትዌር የሚስተካከለውና የማይስተካከለው

ባኦፌንግ ዩቪ-5አርን በስም ባታውቁት እንኳ በመልክ ሳታዩት አልቀራችሁም። ጥቁር፣ መዳፍ የሚሞላ፣ አጭር አንቴና የተተከለበት፣ ፊቱ ላይ የቁጥር ቁልፎች የተደረደሩበት የቻይና ዎኪቶኪ ነው። ገበያ ላይ ከዋለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በውጭ አገር የኢንተርኔት ገበያዎች ከ20 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ከሱ በፊት አማተር ሬዲዮ ለመጀመር ያሰበ ተማሪ ከያኤሱ፣ ከአይኮም ወይም ከኬንዉድ የእጅ ሬዲዮ ለመግዛት የዚህን ብዙ እጥፍ መክፈል ነበረበት።

ስለዚህ ሬዲዮ የሚሰጠው አስተያየት ግን ሁለት ጫፍ የያዘ ነው። አንዱ ወገን «ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም» ይላል። ሌላው «መጫወቻ ነው፣ አትንኩት» ይላል። እንደ እኔ ሁለቱም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ያምታታሉ። የዚህ ሬዲዮ ችግሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ያሉት ሜኑው ላይ ነው፤ እነሱን አንድ ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ከሰዓት ያስተካክላቸዋል። ሌሎቹ ያሉት ሰርኪዩቱ ውስጥ ነው፤ እነሱ ጋ የትኛውም ሶፍትዌር አይደርስም። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ጥሩ የመማሪያ መሣሪያ ይጥላል፣ ወይ ደግሞ ሳያውቅ የሌላውን ሰው ግንኙነት ይረብሻል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በ30 ዶላር ምን ይገኛል?

አማተር ሬዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና በችግር ጊዜ ለመረዳዳት የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። በአብዛኛው አገር ተጠቃሚው ፈተና ያልፋል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ የራሱ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክቶች በ«ኢቲ» ይጀምራሉ። አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ለምሳሌ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። አፍሪካና አውሮፓ በሚገኙበት የዓለም ክልል ለአማተሮች የተመደቡት፣ በእጅ ሬዲዮ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ባንዶች ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርዝ ያሉት ናቸው።

ዩቪ-5አር ሁለቱንም ባንዶች ይሸፍናል። እስከ 4 ዋት ያስተላልፋል፣ 128 ቻናል ይይዛል፣ ኤፍኤም ሬዲዮ ያስደምጣል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽ መብራት አለው። ታዲያ በዚህ ዋጋ እንዴት ተቻለ? ድሮ በብዙ የተለያዩ ክፍሎች ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ ማለትም ሞገዱን መቀበል፣ ድምፁን ማውጣትና የሚላከውን ሲግናል መፍጠር፣ እዚህ አንድ ቺፕ ጠቅልሎ ይሠራዋል። ቀሪው ኃይል ማጉያ፣ ጥቂት ማጣሪያ፣ ስክሪንና ቁልፍ ነው። እንደ ምህንድስና ይሄ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ አለማድነቅ ንፉግነት ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሬዲዮው የሚያስተላልፈው በአማተር ባንዶች ላይ ብቻ አይደለም። ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ ከዚያም ከ400 እስከ 480፣ በአንዳንዶቹ ስሪቶች እስከ 520 ሜጋኸርዝ ድረስ ይሄዳል። የዚህ ሰፊ ክልል አብዛኛው ክፍል የአማተሮች አይደለም፤ እንደየአገሩ ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ መርከብና ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። ሬዲዮው ግን «ይሄ የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ቁጥሩን ጻፉ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ በቃ፣ ተላለፈ።

ጀማሪን የሚያባርረው ሜኑ

የመጀመሪያው ዓይነት ችግር ይሄ ነው። ለማየት አንድ የተለመደ ሥራ እንውሰድ፦ ሪፒተር መጠቀም። ሪፒተር ማለት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን ወዲያው በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰማ ጣቢያ ነው። እንበልና አንድ ሪፒተር በ145.700 ሜጋኸርዝ ያሰማል፣ በ145.100 ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 600 ኪሎኸርዝ ነው። ሪፒተሩ በየጥቂቱ ጫጫታ እንዳይነቃ ደግሞ 88.5 ኸርዝ የሆነ ዝቅተኛ ቶን ከድምፃችሁ ጋር አብሮ እንዲላክለት ይፈልጋል። እንግዲህ የሚያስፈልገው መረጃ አራት ብቻ ነው፦ የምሰማበት ቁጥር፣ የልዩነቱ መጠን፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለው አቅጣጫ፣ እና ቶኑ።

ይህን አራት ነገር በዩቪ-5አር ቁልፎች ለማስገባት ሜኑ 25 ላይ አቅጣጫውን፣ ሜኑ 26 ላይ ልዩነቱን፣ ሜኑ 13 ላይ ቶኑን ትሞላላችሁ። ከዚያ ሜኑ 27 ገብታችሁ የምትሰሙበትን ፍሪኩዌንሲ ታስቀምጣላችሁ። አለቀ? አላለቀም። የኮከቧን ቁልፍ ተጭናችሁ ፍሪኩዌንሲውን ካገላበጣችሁ በኋላ እንደገና ሜኑ 27 ገብታችሁ የምታስተላልፉበትን እዚያው ቻናል ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሁለተኛውን እርምጃ የዘለለ ሰው ሪፒተሩን ይሰማል፣ ሲናገር ግን የሚመልስለት የለም። ለምን እንደሆነ የሚነግረው ስክሪንም የለም። መመሪያው ደግሞ ከቻይንኛ በጥድፊያ የተተረጎመ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተጠቃሚዎች የራሳቸውን መመሪያ ጽፈው እስከ ማሰራጨት ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ትችቴ «ከባድ ነው» የሚል ብቻ አይደለም። ከባድ ነገር ይለመዳል። ዋናው ጉድለት ሜኑው የሚሠራውን ነገር መደበቁ ነው። አንድ ቻናል አራት መረጃ መሆኑን፣ እነሱም እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ጀማሪው ከሜኑው አይማርም። የሚማረው የቁልፍ ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተል የሸመደደ ሰው አንዷ እርምጃ ስትበላሽ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሰንጠረዡ ያመጣው ለውጥ

ቺርፕ የሚባለው ሶፍትዌር ይህንኑ ችግር ይፈታል። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ፕሮግራሚንግ የምትማሩ ልጆች ገብታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ዩቪ-5አርን ብቻ ሳይሆን የብዙ ኩባንያዎችን በርካታ ሬዲዮዎች ያውቃል። ሬዲዮውን በኬብል ከኮምፒውተር ታገናኛላችሁ፣ በውስጡ ያለውን ታወርዳላችሁ፣ 128ቱ ቻናሎች ልክ እንደ ኤክሴል በሰንጠረዥ ይዘረጋሉ። አንድ ቻናል አንድ መስመር ነው። ፍሪኩዌንሲ፣ አቅጣጫ፣ ልዩነት፣ ቶን፣ ስም ሁሉም በየአምዱ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ልዩነቱ ምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰንጠረዡ ሜኑው የደበቀውን ያሳያል። ሃያ ቻናሎችን ከላይ እስከ ታች ስታዩ አንዱ ላይ ብቻ ቶኑ እንደጎደለ ወዲያው ዓይን ይገባል። ጠቋሚውን አምዶቹ ላይ እያሳለፈ ለአሥር ደቂቃ የቆየ ተማሪ ሪፒተር ምን እንደሆነ ሜኑ ሲነካካ ከዋለው ይልቅ ይገባዋል።

ከአምዶቹ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው «ዱፕሌክስ» የሚለውን ነው። እዚያ ላይ «ኦፍ» የሚል ምርጫ አለ። አንድ ቻናል ላይ እሱን ከመረጣችሁ ሬዲዮው ያንን ቻናል ይሰማል እንጂ አያስተላልፍበትም። ቅድም ያልኩት «አይጠይቅም» የሚለው ችግር ቢያንስ በቻናሎቹ ላይ እዚህ መልስ ያገኛል። ቁልፉ በስህተት ቢጫን እንኳ ምንም አይወጣም። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ባለበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሬዲዮው በቻናል ሳይሆን በቀጥታ ፍሪኩዌንሲ ሁነታ ላይ ካለ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም፤ ያንን አትርሱ።

ቺርፕም የራሱ እንከኖች አሉት። አንደኛ፣ የምትሞሉት ቁጥር ያልተፈቀደላችሁ ባንድ ውስጥ ቢሆን አያስቆማችሁም። ሁለተኛ፣ የኬብሉ ጣጣ አለ። ርካሽ ኬብሎች ውስጥ ያለው ዩኤስቢ መቀየሪያ ቺፕ ብዙ ጊዜ የታወቀ ኩባንያ ቺፕ ቅጂ ነው፤ አዲሱ ድራይቨር ደግሞ ቅጂውን ለይቶ አልሠራም ይላል። ሰው ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ኦሪጅናል ቺፕ ያለው ኬብል መግዛት ወይም ሁለቱን ፒኖች እስከ መጨረሻው ጠበቅ አድርጎ መግፋት ነው። ሦስተኛው የሬዲዮው ገደብ ነው፦ የቻናል ስም ሰባት የላቲን ፊደል ብቻ ስለሆነ «እንጦጦ» ብላችሁ በአማርኛ መጻፍ አትችሉም።

አንድ ልማድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዙ፦ ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ሬዲዮው ውስጥ ያለውን አውርዳችሁ ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ሙከራ ቢበላሽ መመለሻ ይኖራችኋል።

ሶፍትዌር የማይደርስበት ቦታ

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ችግር እንምጣ። የክራር ክር ስትመታ የሚሰማችሁ አንድ ድምፅ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሌሎችም አሉ፤ የዋናው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ አብረው የሚነዝሩ። ክራርን ክራር የሚያሰኘውም እነሱ ናቸው። የሬዲዮ ማስተላለፊያም እንዲሁ ያደርጋል። በ145.5 ሜጋኸርዝ ስታስተላልፉ በ291 እና በ436.5 ሜጋኸርዝም ትንሽ ኃይል ይወጣል። እነዚህ ሃርሞኒክ ይባላሉ። በሙዚቃ ውበት ናቸው፤ በሬዲዮ ግን ችግር ናቸው፤ ምክንያቱም እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌላ ሰው አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ 291 ሜጋኸርዝ የሚያርፈው የጦር አውሮፕላኖች በሚነጋገሩበት ባንድ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሕግ ወሰን ያስቀምጣል። የአሜሪካው ደንብ በዚህ ባንድ 25 ዋት ወይም ከዚያ በታች ለሆነ የአማተር ማስተላለፊያ እያንዳንዱ ትርፍ ሞገድ ከ25 ማይክሮዋት እንዳይበልጥ ያዛል። 4 ዋትን ለ25 ማይክሮዋት ብታካፍሉት 160,000 ይመጣል። ትርፍ ሞገዱ ከዋናው 160,000 ጊዜ ያነሰ መሆን አለበት ማለት ነው፤ በመሐንዲሶች መለኪያ 52 ዴሲቤል። ይህን የሚያሳካው ማጣሪያ ነው፤ በጥንቃቄ የተመረጡ ጥቅልል ሽቦዎችና ካፓሲተሮች ያሉት ሰርኪዩት። ማጣሪያ ደግሞ ቦታም ገንዘብም ይፈልጋል።

ዋጋው የተቀነሰው ከየት እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባችኋል። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ቤተ ሙከራ በአማተሮች ስብሰባዎች ላይ ሰዎች ይዘዋቸው የመጡ የእጅ ሬዲዮዎችን ለዓመታት ሲለካ ከባኦፌንጎቹ ብዙዎቹ ይህን ወሰን ሳያሟሉ ተገኝተዋል። የታወቁት የጃፓን ኩባንያዎች ሬዲዮዎች ግን ያልፉ ነበር። ከባኦፌንጎቹም ያለፉ አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ እንዲያውም ይሄኛው ነው፦ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይወድቃል፣ ከውጭ ግን መንታ ይመስላሉ። ገዢው የትኛው እንደደረሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው የሰርኪዩት ችግር ተቀባዩ ላይ ነው። ከመግቢያው ላይ ያለው ማጣሪያ ደካማ ስለሆነ አቅራቢያው ጠንካራ ማሰራጫ ካለ፣ በሌላ ፍሪኩዌንሲም ቢሆን፣ ሬዲዮው ይደነቁራል። ገጠር ላይ ጥርት አድርጎ የሚሰማው ሬዲዮ ከተማ መሃል የሩቁን ጣቢያ መስማት ሊያቅተው ይችላል። ቺርፕ ላይ ምንም ብትቀይሩ ይሄ አይስተካከልም።

ዋት ወይስ ከፍታ?

«4 ዋት አነሰኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ርካሽ የመኪና ሬዲዮ ነው። ኪውዋይቲ ኬቲ-8900 የሚባለው ለምሳሌ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ 25 ዋት ያህል ያወጣል፤ እሱም በቺርፕ ይሞላል። ማስታወቂያው የሚያጎላው ዋቱን ነው። እስቲ እናስላው። ከ4 ወደ 25 ዋት መሄድ ኃይሉን ስድስት እጥፍ ያደርጋል። ምንም ነገር ባይከልለው እንኳ ርቀቱ የሚያድገው በኃይሉ ካሬ ሥር ስለሆነ 2.5 እጥፍ ብቻ ይሆናል። መሬት ላይ ደግሞ ዋናው ከልካይ የምድር ክብነትና ተራራው ነው። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ሞገድ በአብዛኛው የሚሄደው ዓይን እንደሚያየው ነው።

ሜዳ ላይ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ሬዲዮ የያዙ ሁለት ሰዎች የሬዲዮ አድማሳቸው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ከዙሪያው 800 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢቆምስ? እንጦጦ ከአዲስ አበባ መሃል ይህን ያህል ይበልጣል። የሚከልል ሌላ ተራራ ከሌለ አድማሱ ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከፍታው አንድ ዋት ሳይጨምር ይሄን ያህል ይሠራል። አንቴናም እንዲሁ ነው። የ145 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩብ ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አንቴና ግን ከዚያ በጣም ያጠረ ስለሆነ ብዙ ኃይል ያባክናል። ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ አንቴና፣ ከዚያ ቦታ፣ ዋት መጨረሻ።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው የግንኙነት ኮሚሽን ዩቪ-5አርን አስመጥቶ የሚሸጥን አንድ ድርጅት ሬዲዮው ከተፈቀደለት ፍሪኩዌንሲ ውጭ ያስተላልፋል ብሎ በጽሑፍ ከስሶታል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይም መሰል ሬዲዮዎችን ለሚሸጡና ለሚጠቀሙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ አምራቹ ያልሠራውን ማጣሪያና ያልጣለውን ገደብ ለገዢው አሸክሞታል። 30 ዶላሩ የሬዲዮው ዋጋ ነው፤ ቀሪውን በእውቀት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

በኢትዮጵያ ዘርፉን የሚገዛው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሬዲዮ መሣሪያ ማስገባትም ማሠራትም ፈቃድ ይጠይቃል። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ርካሽ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ላምጣላችሁ?» ቢላችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ከዚያ ሬዲዮውን። አሜሪካ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ብቻ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹም ከነመልሳቸው አስቀድመው ይፋ ስለሚደረጉ ለመዘጋጀት አያስቸግርም።

ታዲያ ይገዛ ወይስ አይገዛ?

ፍርዴ ይኸው። ለመስማትና ለመማር ዩቪ-5አር ዋጋውን ከበቂ በላይ ይመልሳል። ሲሰማ ሃርሞኒክ የለም፣ ማንም አይረበሽም። ለምሳሌ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.800 ሜጋኸርዝ አንዳንዴ ሥዕል በድምፅ መልክ ይልካል። ጣቢያው በራሳችን ላይ ሲያልፍ ለአሥር ደቂቃ ገደማ ይሰማል፤ በዶፕለር ምክንያት ፍሪኩዌንሲው 3.5 ኪሎኸርዝ ያህል ብቻ ስለሚንሸራተት ይህ ርካሽ ሬዲዮ ያለ ችግር ይይዘዋል። የስልክ መተግበሪያ ድምፁን ወደ ሥዕል ይመልሰዋል። ከሰማይ የመጣ ሥዕል በ30 ዶላር ዕቃ!

ለማስተላለፍ ግን ሬዲዮውን እንደተዘጋጀ ዕቃ ሳይሆን ገና እንዳልተፈተነ ናሙና ተቀበሉት። ፈቃድ ያለው ክበብ ውስጥ ግቡ። ሁሉንም ቻናል በሰንጠረዥ ሙሉ፣ የማያገባችሁን «ኦፍ» አድርጉ፣ በዝቅተኛው ኃይል ጀምሩ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውሰዱና በስፔክትረም አናላይዘር አስለኩት። መሃል ላይ 40 ዴሲቤል የሚቀንስና 4 ዋቱን የሚችል አቴንዌተር ይግባ፤ 4 ዋቱ ወደ 0.4 ሚሊዋት ይወርዳል፣ መለኪያውም አይቃጠልም። ከወደቀ ቤት ለሚቀመጠው ከአንቴናው በፊት ማጣሪያ ይጨመርለታል፤ ማጣሪያውን መሥራት ራሱ ጥሩ የሴሚስተር ፕሮጀክት ነው።

ሞገድ አጥር የለውም። አንዱ ሰው ያበላሸው ሌላው ጋ ይደርሳል፤ ያኛው ሰው አምቡላንስ የሚጠራ ሊሆን ይችላል። ሜኑውን ቺርፕ ያስተካክልላችኋል። ሰርኪዩቱን ግን ለክታችሁ ብቻ ነው የምታምኑት።